የመሰለች ቃልና የቡሽራ ወፍጮ

መሰለች ቦጋለ ጉለሌ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጣት ስታስር ኖረች። ድሬሰር ነበረች። ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ትለብስና አዮዲኑንና ፋሻውን ደርድራ ትቀመጣለች። ብዙም አትጠብቅም። ከፈትል ክፍል ወይም ከሽመና ክፍል እጁን በመሀረብ ጠቅልሎ፣ ደሙ በክንዱ እየወረደ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ታጥብለታለች፣ ታስርለታለች፣ «አይዞህ» ትለዋለች። እሱ ይሄዳል። በሳምንቱ ሌላ ሰው በዚያው ማሽን፣ በዚያው ጥርስ ተነክሶ ይመጣል።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች። ፎርማኑን አገኘችው።

«የዚህ ማሽን ክዳን የት ሄደ?»

«ለጽዳት ሲያስቸግር ጊዜ ፈታነው።»

«ታዲያ መልሱታ! በዚህ ወር አራተኛ ሰው ነው የመጣብኝ።»

ፎርማኑ ከላይ እስከ ታች አያትና «እህቴ፣ አንቺ አዮዲንሽን ጠብቂ» አላት።

ያቺ ንግግር ውስጧ ገብታ ቀረች። ባለቤቷ ከሞተ በኋላ ብቻዋን የምትኖር ሴት ስለነበረች፣ ማታ ማታ የምታናግረው ሰው ስለሌላት፣ ለፎርማኑ በሐሳቧ ስትመልስለት ትቆያለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለሰው ሁሉ የሚገባ ነገር ነው፤ ለምንድን ነው ለእነዚህ ሰዎች የማይገባቸው?

በ1975 መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ሰማች። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ክፍል አቋቁሞ በፋብሪካ ክሊኒክ የሠሩ ሰዎችን ይፈልጋል ተባለ። ሄዳ ተመዘገበች፣ ተቀበሏት። ክፍሉ ክፍል ለመባል የበቃ አልነበረም፤ በአንድ ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለች አራት ጠረጴዛ የማትይዝ ቤት ናት። ኃላፊው ጓድ አድነው ይባላል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሐሳቡ የራሱ ነበር፤ ደክሞ ደክሞ ነው ያስፈቀደው።

«ተቆጣጣሪ ሲመጣ አሠሪው ይደብቃል» አላቸው በመጀመሪያው ቀን። «የተደበቀ አደጋ ደግሞ አይታረምም። ስለዚህ የማይከስ፣ የማይቀጣ ሰው እንልካለን። አይቶ ይመክራል፣ በነፃ። ያየውን ለተቆጣጣሪም ሆነ ለሌላ ለማንም አይናገርም።»

አንድ ነገር ብቻ ነበረች። ሰው ሊገድል ወይም አካል ሊያጎድል የሚችል አደጋ ከተገኘ፣ አማካሪውና አሠሪው የሚታረምበትን ቀን ይስማማሉ። ቀኑ ካለፈና አሠሪው እምቢ ካለ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ወደ ተቆጣጣሪ ይሄዳል። መሰለች ይህን ስትሰማ ልቧ በደስታ ዘለለ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቀችው ሥራ ይኸው ነው።

አዲሱ ገበያና አካባቢው ለሷ ደረሳት። ቦርሳዋ ውስጥ ሜትር፣ ደብተርና የመሥሪያ ቤቱን ሰርኩላር ይዛ ጠዋት በውይይት ታክሲ ወርዳ፣ ከአንድ ሱቅ ወደ ሌላ ሱቅ፣ ከወፍጮ ቤት ወደ እንጨት ቤት፣ ከጋራዥ ወደ ጎሚስታ ትዞር ጀመር። እና ደስታዋ ወር አልሞላውም።

እንጨት መሰንጠቂያ ያለው ሾዴ የሚባል ሰው ሰርኩላሩን ሁለት ጊዜ አንብቦ መለሰላት።

«እስቲ ልረዳሽ። ገንዘብ አትቀበይም።»

«አልቀበልም።»

«አትቀጪም። ያየሽውንም ለማንም አትናገሪም።»

«አልናገርም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሰው እንዳይጎዳ ነዋ!»

ሾዴ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የሚያዝንላት ይመስል ነበር። «እህቴ፣ ሂጂ። ነፃ ነገር ከቅጣትም በላይ ያስፈራኛል።»

ጎሚስታው ደግሞ «ምስጢር እጠብቃለሁ የሚል የመንግሥት ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ለጎረቤቶቹ እየጠራ አሳያት። በአንድ ብረታ ብረት ቤት በሩን አንኳኩታ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ያዩ አራት ሠራተኞች በጓሮ በኩል አጥር ዘለው ጠፉ፤ ባለቤቱ «እኔ ብቻዬን ነው የምሠራው» እያለ ወንበር አቀረበላት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯን ጎተተች። ልምከራችሁ ስላለች ሰው አጥር ዘለለባት። የአጥሩ ቆርቆሮ ቢቆርጣቸውስ ኖሮ?

የሚፈሩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ታውቃለች። በዚያ ዘመን የግል ድርጅት ያለው ሰው በዝባዥ ላለመባል ሠራተኛውን አሳንሶ ነበር የሚያስመዘግበው። ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ምንም ቢል ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ነው። እሷም ራሷ የምትደብቀው ነበራት። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ሰው እሷ ቤት ይሰበሰባል። መስኮት ዘግተው፣ መዝሙሩን በለሆሳስ እየዘመሩ ይጸልያሉ። ማን በር ላይ ቆመ፣ ማን ሳል ሳለ እያሉ መስማትን ታውቀዋለች። ስለዚህ አልፈረደችባቸውም፤ ግን ተናደደች። በማን እንደተናደደች ለመለየት ግን አስቸገራት።

በጥር ወር አንድ በር ተከፈተላት። የከፈተችው ሴት ናት። ጀዊሪያ ትባላለች፤ ባሏ ቡሽራ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት አለው። ቡሽራ ከስልጤ የመጣ፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ ቃል የሚመጥን ነጋዴ ነው። መሰለችን በሩ ላይ አቁሞ «አያስፈልገንም፣ አላህ ይስጥልኝ» ሲል ጀዊሪያ ከኋላው መጣች።

«ትግባ» አለች። «ባለፈው ወር ሻሼን የበላው ምንድን ነው? እኔን ሊወስደኝ አልነበረም?»

ቡሽራ መንገድ ለቀቀ።

ወፍጮ ቤቱ ጠባብ ነው። ከሞተሩ እስከ ወፍጮው ድረስ ቺንጋ የሚሉት ረጅም የጎማ ቀበቶ በሰው ወገብ ቁመት ላይ ያለ ምንም ክዳን ይሽከረከራል። ከቺንጋው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት እህል ያመጡ ሴቶች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የነጠላቸው ጫፍ በነፋሱ ይርገበገባል። ማጥፊያው ከሞተሩ ማዶ ግድግዳው ላይ ነው። አደጋ ቢመጣ ለማጥፋት ቺንጋውን ዞሮ መሄድ ያስፈልጋል። መሰለች ዱቄቱ ውስጥ ቆማ አየችው። ስንት ጊዜ ያሰረችውን ጣት ሳይሆን፣ ከታሰረው ጣት በፊት ያለችውን ደቂቃ ያየች መሰላት።

ከቡሽራ ጋር ጓሮ ተቀመጡ።

«ጋሽ ቡሽራ፣ ሦስት ነገር ነው የምልዎት። ቺንጋው በላሜራ ይከደን። ተሰላፊዎቹ ከአጥር ወዲያ ይቁሙ። ማጥፊያው ወፍጮው ላይ የሚቆመው ሰው እጅ አጠገብ ይምጣ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ቡሽራ ጺሙን ዳበሰ። ከዚያ ሳይታሰብ «ስድስት ሠራተኛ ነው ያለኝ» አላት። «ያስመዘገብኩት ሦስት ነው። ታዪያቸዋለሽና ከማን እደብቃለሁ ብዬ ነው።»

«ከኔ አይወጣም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ደብተሯ ውስጥ ባለው ቅጽ ላይ የሠራተኛ ብዛት የሚል ቦታ ስለነበረ ስድስት ብላ ጻፈች። የክዳኑና የማጥፊያው ነገር እስከ ሚያዝያ ሠላሳ እንዲያልቅ ተስማሙ፤ ቀኑንም ከሥሩ አሰፈረችው። በዚያ ቀን በእግሯ እስከ ቤቷ ሄደች፤ አልደከማትም።

ላሜራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ከመንግሥት መደብር ለመግዛት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለደብዳቤው ደግሞ ለምን እንደተፈለገ፣ ስንት ሰው እንደሚሠራበት መግለጽ ግድ ነው። ቡሽራ ዛሬ ነገ ሲል የካቲት አለፈ፣ መጋቢትም አለፈ። መሰለች በየሳምንቱ ትመላለሳለች። «ላሜራ ጠፋ» ይላታል፣ ዓይኖቹን እያሸሸ። ቢያንስ የአጥሩን ነገር ያድርጉ ብላ ስትጨቀጭቀው፣ በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ገመድ ወጠረ። ሴቶቹ ገመዱ ላይ ነጠላቸውን ሰቀሉበት።

በሚያዝያ አጋማሽ ነገሩ ከነበረበትም ባሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው አስጠራት። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በገበያው መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከግራና ከቀኝ ይዘዋት ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚሳሉ መፈክሮች ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ የቀይ ቀለም ሽታ ያፍናል። ግዛቸው በፊት ፖስታ አመላላሽ ነበር ይባላል፤ ሰው የሚያውቅ፣ ስም የማይረሳ ሰው ነው።

«ጓድ መሰለች፣ ቡሽራ ወፍጮ ቤት ምን ታደርጊያለሽ?»

«ስለ ሥራ ደኅንነት እመክራለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ደብተርሽን እስቲ ልየው።»

«ደብተሩ የመሥሪያ ቤት ነው። የታየው ነገር በአሠሪውና በኛ መካከል ይቀራል የሚል ደንብ አለን።»

«ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ምስጢር አለ?»

«የሰፊው ሕዝብ እጅ እንዳይቆረጥ ነው፣ ጓድ።»

ግዛቸው ፈገግ አለ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን ሳያነሳ «ሐሙስ ሐሙስ ቤትሽ እንግዳ ይበዛል አሉ» አላት። «ዕድር ነው? ማኅበር ነው? ሰው የሚለው ብዙ ነው። ጴንጤ ናት ይላሉ። እኔ ሰው የሚለውን ሁሉ አላምንም። ግን ተባብረሽ ብትሠሪ ይሻላል።»

መሰለች ደብተሩን ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘችው። አንድ ቁጥር ብቻ ነው ይህ ሰው የሚፈልገው፤ ስድስት የሚል አንድ ቁጥር። ብትሰጠው ሐሙስ ሐሙስ በሰላም ታድራለች። ባትሰጠውስ? የቤቷን መስኮት፣ አጎንብሰው የሚጸልዩትን ሰዎች አሰበች።

«ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ካመጡ እሰጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መፈክሮቹ መሐል አስቀመጧት። ግዛቸው ጓድ አድነውን በስልክ አገኘው። አድነው ያለውን ነገር በኋላ ነው የሰማችው፤ «በጽሑፍ ጠይቁንና እናየዋለን» ብሎ ነበር። የሰውየው ጀግንነት ይኸው ብቻ ነበር፤ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተመርቶ፣ ታትሞ እስኪመለስ ደግሞ ወራት እንደሚፈጅ ግዛቸውም ያውቃል። ተናዶ አስወጣት።

ቤቷ እንደደረሰች የቡሽራን ገጽ ከደብተሩ ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ስድስት የሚለው ቁጥርም፣ ሚያዝያ ሠላሳ የሚለውም አብረው ነደዱ።

በማግስቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ ስትሄድ ቡሽራ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ትላንት ቀበሌ ስትገቢም ስትወጪም ገበያው ሁሉ አይቷል።»

«ጋሽ ቡሽራ፣ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

«ሰው ቀበሌ ገብቶ ሳይናገር ይወጣል?»

«እኔ ወጣሁ!»

«እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለና በሩን ገፋው። ከበሩ ኋላ ቺንጋው ሲሽከረከር ይሰማል።

መሰለች እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች «ዞር በይ እህቴ» እያሉ አልፈዋት ሄዱ። ለቃሏ ስትል ዕንባ እስኪቀርባት ተጨንቃ፣ ቃሏን እንደበላች ተቆጠረባት። ለግዛቸው ብትነግረው ኖሮ ከዚህ የተለየ ምን ይመጣባት ነበር?

ሚያዝያ ሠላሳ መጣ፣ አለፈ። አድነው ዘንድ ገባች።

«ቀኑ አልፏል። ደንቡ ለተቆጣጣሪ ንገሩ ይላል። ምን ላድርግ?»

አድነው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ከተናገርን ከእንግዲህ ማን በር ይከፍትልናል? ካልተናገርን ደግሞ...» መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «እ... አንቺ አስቢበት።»

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት!»

«አውቃለሁ» አለ አድነው፣ ድምፁ ይበልጥ እየቀነሰ።

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ለተቆጣጣሪም አልነገረች፣ ዝምም አላለች። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዳ ከበርሜል ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ላሜራ አገኘች። በለካችው ልክ አስቆረጠችው፣ አሳጠፈችው፣ የብሎን ቀዳዳ አስበሳችው፤ በተሸካሚ አስይዛ አዲሱ ገበያ አደረሰችው። ቡሽራ ላሜራውን አየ፣ እሷን አየ።

«ምን ፈልገሽ ነው ግን አንቺ?» አላት፤ በእውነት ግራ ገብቶት ነበር።

«ይህን ነገር ተከድኖ ማየት ፈልጌ! በቃ፣ ሌላ ምንም!» ጮኸች። የተሰለፉት ሴቶች ዞር ብለው አዩዋት።

ጀዊሪያ ላሜራውን በአንድ በኩል አንስታ «ቶሎሳ፣ በዚያ በኩል ያዝ» አለች። ቶሎሳ ወፍጮው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የሆነ፣ ዝምተኛ ሰው። አሥራ ሁለቱን ብሎን አንድ በአንድ አጥብቆ ክዳኑን ገጠመው። ቺንጋው ከዓይን ተሰወረ። መሰለች ወንበር ስጡኝ ብላ ቁጭ አለች።

ያ ደስታ ዐሥራ አምስት ቀን ቆየ። በግንቦት መጨረሻ ስትመጣ ክዳኑ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ከላዩ ባዶ ጆንያ ተጥሎበታል። ቺንጋው እንደ ድሮው ይከንፋል።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ» አለ ቶሎሳ።

«ለምን?»

«ቺንጋው በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይላላል። ማጥበቅ አለብኝ። አሥራ ሁለት ብሎን ፈትቼ፣ አጥብቄ፣ አሥራ ሁለት ብሎን መልሼ... ሰው ተሰልፎ ይሰድበኛል።» ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ «ስትለኪ እኮ እዚህ ነበርኩ። ጠይቀሽኝ ቢሆን በማጠፊያ አድርጊው እልሽ ነበር። እንደ መስኮት የሚከፈት።»

በፋብሪካው ፎርማን፣ በአድነው፣ በግዛቸው፣ በቡሽራ ስትናደድ የከረመች ሴት፣ ያን ቀን በራሷ ተናደደች። ባለቤቱን መከረች፤ ሚስቱን አነጋገረች፤ ቺንጋው አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚውለውን ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

«ማጠፊያውን አመጣለሁ» አለችው። «እስከዚያ ግን መልሰህ ግጠመው፣ እባክህ።»

«እሺ» አለ ቶሎሳ።

ማጠፊያውን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀባት። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሁለት ጠንካራ ማጠፊያዎች በጋዜጣ ጠቅልላ ስትደርስ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወፍጮው ቆሟል። ከውስጥ የሰው ጩኸት ይሰማል። ክዳኑ አሁንም ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

ቶሎሳ የላላውን ቺንጋ ሞተሩን ሳያጠፋ በእንጨት ሊገፋው ሲል እጅጌው ተይዞ፣ ቀኝ እጁ በቺንጋውና ቺንጋው በሚዞርበት የብረት መንኮራኩር መካከል ገብቷል። ማጥፊያው ማዶ ስለነበረ ጀዊሪያ ዞራ ሮጣ እስክትደርስ ጊዜ ወሰደ። መሰለች ቦርሳዋን ወዲያ ጥላ ተንበረከከች። ነጠላዋን ቀዳደደችው፤ ከእጁ አንጓ በላይ አጥብቃ አሰረችው፤ እጁን ወደ ላይ አስያዘችው። «አይዞህ» አለችው። ይህን ቃል ዳግመኛ አልለውም ብላ ነበር ክሊኒኩን የለቀቀችው። በመንገድ በተገኘ ታክሲ ሆስፒታል ወሰዱት። ሦስት ጣቶቹ አልተረፉም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሳምንቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከቀበሌ ግዛቸው፣ ከተቆጣጣሪዎች አንድ ሰው፣ ከሠራተኛ ማኅበር አንድ ሰው ሆነው ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። መሰለች ተጠራች።

«አደጋ እንዳለ ታውቂ ነበር?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አውቅ ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለባለቤቱ።»

«ለኛስ?»

«ለእናንተ አልነገርኩም።»

«እኔ ደብተርሽን አሳዪኝ ስልሽ ምስጢር ነው አልሽ» አለ ግዛቸው። «ያን ቀን ብታሳዪን ይህ ሰው እጁ አይጎዳም ነበር።»

ግዛቸው ያን ቀን ስለ ቺንጋ እንዳልጠየቃት ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን ክሱ ግማሽ እውነት ነበረው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ አፍ ይዘጋል። ለተቆጣጣሪ አለመናገሯ የራሷ ውሳኔ ነበር።

«የምታርመው እስከዚህ ቀን ነው ብለሽ ተስማምተሽ ነበር?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አዎ። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ።»

«የት ተጽፏል?»

ደብተሩን አገላበጡት። ገጹ የለም፤ የተቀደደበት ጥርስ ብቻ ቀርቷል። ሰዎቹ ተያዩ።

ያን ጊዜ ቡሽራ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተነሣ። ማንም አልጠራውም።

«እኔ ልናገር» አለ። «ነግራኛለች። አስር ጊዜ ነግራኛለች። ሚያዝያ ሠላሳ ያለችው እውነት ነው። ላሜራ ጠፋ ያልኳት ውሸቴን ነው፤ ደብዳቤ ለመጠየቅ ፈርቼ ነው። ስድስት ሠራተኛ ስላለኝ። ይኸው አሁን ሁላችሁም ሰማችሁ።» ላቡን ጠረገ። «ላሜራውን እንኳ ያመጣችው እሷ ናት።»

መሰለች ዞር ብላ አየችው። እሱ አላያትም።

የቡሽራ ንግግር እሷን ከክስ አዳናት፤ ራሱን ግን አላዳነውም። ወፍጮ ቤቱ ሦስት ወር ታሸገ። የሰፈሩ ሴቶች እህል ተሸክመው ሩቅ መሄድ ሲጀምሩ መሰለችን በመንገድ ሲያገኟት «ወፍጯችንን ያስዘጋችው ያቺ ናት» ይባባሉ ነበር። የምክር ክፍሉ ደግሞ በሰኔ ተዘጋ። ለበዓሉ ዝግጅት የሰው ኃይል ይፈለጋል የሚል አጭር ደብዳቤ መጣ። አድነው ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፤ ሲለያዩ እጇን ይዞ ብዙ ቆየ። እሷ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ተመለሰች። ፎርማኑ «መጣሽልን?» አላት።

የሐሙሱ ስብሰባ ወደ ሌላ ሰው ቤት ተዛወረ። ግዛቸው ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳም፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም። አለማወቋ ራሱ እንቅልፍ ይነሳታል።

ቶሎሳን ሆስፒታል ሄዳ ጠይቃው ነበር። ብርቱካን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን መልሰህ አልገጠምከውም?» አለችው፤ ልትል የፈለገችው ይህን አልነበረም።

«ሰልፍ ነበር» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንቺም፣ ጋሽ ቡሽራም፣ ሊቀመንበሩም ስትጨቃጨቁ ከረማችሁ። የኔ እጅ ነበር እኮ።»

ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ ትታ ወጣች። ወፍጮ ቤቱ ሲከፈት ቡሽራ ቶሎሳን እህል መዛኝ አደረገው። ክዳኑ በማጠፊያ ተገጥሟል፣ ማጥፊያውም ወደ ወፍጮው አጠገብ መጥቷል። ይህን ጀዊሪያ ናት ሰው ልካ የነገረቻት።

በ1977 ታኅሣሥ ላይ አንዲት ሴት ራሴን አሞኛል ብላ ክሊኒኩ መጣች። የፋብሪካው ሠራተኛ አልነበረችም። ሀጂራ እባላለሁ አለች፤ ከገበያው ኋላ ትንሽ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ያላት መበለት ናት። መሰለች ኪኒን ልትሰጣት ስትል እጇን ያዘቻት።

«የጀዊሪያ ጎረቤት ነኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጭመቂያዬን ነይና እዪልኝ። ወረቀት ግን አታምጪ።»

«አሁን እኮ መሥሪያ ቤት የለኝም።»

«እሱ ይሻላል።»

እሑድ ሄደች። መጭመቂያው ላይ አማን የሚባል ጎልማሳ ሠራተኛ ቆሟል። መሰለች ሀጂራን ሰላም ካለች በኋላ ቀጥታ ወደሱ ሄደች።

«አንተ ምኑ ነው የሚያስቸግርህ?»

አማን መጀመሪያ እመቤቱን አየ፤ ከዚያ ማን ነሽ በሚል ዓይን መሰለችን አየ። ሀጂራ «ንገራት» አለችው። ነገራት። ብዙ ነበር የሚነግራት፤ ወለሉ በዘይት እንደሚያዳልጥ፣ ኑጉ ሲደፈን በእጁ እንደሚያስገባው፣ ከላዩ የተንጠለጠለው የመብራት ሽቦ እንደተላጠ፣ የጭሱንም ነገር። መሰለች ምንም ሳትጽፍ ሰማች፤ አራቱን ነገር ለሀጂራ በጣቶቿ ቆጥራ ነገረቻት።

ሀጂራ ሽቦውን በሳምንቱ አስቀየረች። ለኑጉ መግፊያ የሚሆን የወይራ እንጨት አስጠረበች። ለወለሉና ለጭሱ ግን «ኢንሻአላህ» አለች፤ በሚቀጥለው እሑድም «ኢንሻአላህ» አለች።

«ኢንሻአላህ ወለል አይጠርግም፣ ሀጂራ!» ብላ መሰለች ተቆጣች።

«ምነው አንቺ፣ ደመወዝ የሚከፍሉሽ መሰልሽ እኮ!» አለች ሀጂራ፣ እሷም ተቆጥታ።

ተኮራርፈው ተለያዩ። መሰለች አንድ እሑድ ቀረች። በሁለተኛው እሑድ ዘይት የሚመጥ አንድ ኩንታል ሰጋቱራ ከሾዴ እንጨት ቤት ለምና፣ በተሸካሚ አስይዛ መጣች። ሀጂራ በሩን ከፍታ ጆንያውን አየችና ወደ ጎን ቆመች። መሰለች ገብታ ሰጋቱራውን ዘይቱ ላይ ትበትነው ጀመር፤ አማን መጥረጊያውን አንስቶ ተከተላት።